በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ

(ይህ ንግግር ለተመራቂ ተማሪዎች በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ የቀረበ ሲሆን፣ ከጥቂት የቋንቋ እርማት በስተቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው የሥራ ኃላፊዎችና መምህራን፣ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዚህ ጉባኤ ባለቤቶች የሆናችሁ ውድ ተመራቂ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?

ድምፃችሁ አነሰብኝ፤ የዛሬው ጉዳያችን ደግሞ ድምፅ ነውና እስቲ አንድ ጊዜ ድገሙልኝ። እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ስለ ሲቪ አጻጻፍና ስለ አለባበስ ከእኔ በፊት ብዙ እንደተነገራችሁ ስለማውቅ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ እንዳተኩር ጠየቅኋቸው፤ እነርሱም ፈቀዱልኝ። ጉዳዩ ፍርሃት ነው። ከበሩ ውጪ ተቀምጣችሁ ስማችሁ እስኪጠራ ስትጠብቁ የሚመጣው፣ ስማችሁ ሲጠራ ደግሞ ጉልበታችሁን የሚይዘው ያ ፍርሃት። እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ ረጅም ዘመን ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ በዚያም ዘመን የተቀመጥሁት ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እናንተ በምትፈሩት ወገን ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ካየሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ፣ ተምሮና አውቆ፣ የጽሑፍ ፈተናውንም ከሁሉ በልጦ ያለፈ ልጅ ያወቀውን ሳይነግረን ተነሥቶ መውጣቱ ነው። በወረቀት ላይ የጻፈው መልስ እፊታችን አለ፤ ያንኑ መልስ በአፉ እንዲነግረን እንጠይቀዋለን፤ አይመጣለትም። እውቀቱ አብሮት ገብቶ አብሮት ይወጣል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እስኪጠፋ መጠበቅም አያስፈልጋችሁም። እየፈሩ በትክክል መናገር ግን ይቻላል፤ የሚለመደውም ከቀጠሮው ቀን በፊት፣ በድምፅ፣ በሰው ፊት ነው። ይህን በሦስት ነጥቦች አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ፍርሃቱ ራሱ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ በዚያ ክፍል ውስጥ በእኛ በጠያቂዎቹ በኩል ምን እንደሚሆን፣ በመጨረሻም እናንተ ምን ማድረግ እንደምትችሉ እናገራለሁ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይረዝማል፤ ትዕግሥታችሁን ለእርሱ አቆዩልኝ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ከእናንተ መካከል «እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ» የሚል አለ? እጃችሁን እንድታወጡ አልጠይቅም፤ ብዙ እንደሆናችሁ ግን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 በጀርመን አገር በትሪየር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ጤነኛ ሰው ሲጨነቅ በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ለመለካት የሚያስችል አንድ የሙከራ ዘዴ አሳትመው ነበር። ሰውን ለማስጨነቅ ምን የመረጡ ይመስላችኋል? ጨለማ ነው? አውሬ ነው? የመረጡት የሥራ ቃለ መጠይቅን ነው። ተሳታፊው «ሥራ አመልካች ነህ» ይባላል፤ 10 ደቂቃ ያህል እንዲዘጋጅ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ፊታቸው ምንም ስሜት እንዳያሳይ በሠለጠኑ ገምጋሚዎች ፊት ቆሞ፣ ሥራው ለእርሱ የሚገባ መሆኑን ለ5 ደቂቃ ያስረዳል። ይህም ሳይበቃ ከ1,022 ተነሥቶ 13 እየቀነሰ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ይታዘዛል፤ ከተሳሳተም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። የተሳታፊዎቹ የልብ ምት ጨመረ፤ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም በሰውነታቸው ውስጥ በእጅጉ ከፍ አለ። ይህ ሙከራ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል፤ የሚሠራበትም አብዛኛው ሰው በእርሱ ስለሚጨነቅ ነው።

እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ጤነኞች ነበሩ። የእናንተም ልብ በጠያቂዎች ፊት ቢመታ፣ ልባችሁ በአግባቡ እየሠራ ነው ማለት ነው። ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ደምን ወደ ትላልቅ ጡንቻዎች ይገፋል፤ የጣት ጫፍ ይቀዘቅዛል፤ ሰውነት ለምግብ መፍጨት የሚያወጣውን ኃይል ስለሚቆጥብ ምራቅ ያንሳል፤ ስለዚህም ጉሮሮ ይደርቃል። ጉሮሮ መድረቁን፣ እጅ መቀዝቀዙንና መዳፍ ማላቡን የምታውቁት ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት «ምን ሆኜ ነው?» ብላችሁ ሁለተኛ ፍርሃት አትጨምሩበትም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ በሁለተኛው ፍርሃት፣ ማለትም መፍራቱን በመፍራቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ጥናት ልጥቀስ። በሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የምታስተምረው አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ በሰው ፊት ሊዘፍኑ፣ ንግግር ሊያደርጉና የሒሳብ ፈተና ሊፈተኑ የተዘጋጁ ሰዎችን መርምራለች። ከመጀመራቸው በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉት፣ «ተረጋግቻለሁ» ብለው ራሳቸውን ለማብረድ ከታገሉት የተሻለ ሠርተዋል። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ልብ እየመታ «ተረጋግቻለሁ» ቢሉት ሰውነት አያምንም። ጉጉት ግን ራሱ ልብ የሚያስመታ ነገር ነውና፣ ሰውነት ካለበት ሁኔታ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ከበሩ ፊት ስትቆሙ ከልባችሁ ጋር አትታገሉ። «ይህን ሥራ ስለምፈልገው ጓጉቻለሁ» በሉ፤ ደግሞም እውነት ነው፤ ባትፈልጉት ኖሮ ባልፈራችሁ ነበር።

ከዚህ ነጥብ ሳልወጣ አስተዳደጋችንን የሚመለከት ነገር ልጨምር፤ መጻሕፍቱ የማያነሡት፣ እኔ ግን ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኜ ሁልጊዜ የማየው ጉዳይ ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው ታላቅ ሰው ሲናገር አንገታችንን ደፍተን እንድንሰማ፣ ዓይኑን አተኩረን እንዳናይ፣ ሳንጠየቅ እንዳንናገር፣ ራሳችንንም እንዳናሞግስ እየተመከርን ነው። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ይህን አስተዳደግ አልነቅፍም፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያደገ ወጣት በአንድ ጠዋት በዕድሜ አባትና እናት በሚሆኑት ሰዎች ፊት ተቀምጦ፣ «ከሌሎቹ ይልቅ አንተን ለምን እንቅጠርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሃያ ዓመት ነውር ነው የተባለውን በአምስት ደቂቃ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ምላሱ ቢተሳሰር ይገርማልን?

መፍትሔው አስተዳደጋችሁን መካድ አይደለም። ራሳችሁን አታሞግሱ፤ ሥራችሁን ተናገሩ። «ጎበዝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» ማለት ለተናጋሪው ይከብዳል፤ ለሰሚውም ምንም አይነግረውም። «በተግባር ልምምዴ ወቅት የግምጃ ቤቱን ካርድና በመደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ አመሳክሬ፣ ልዩነቱን በጽሑፍ ለኃላፊዬ አቅርቤያለሁ» ማለት ግን ውዳሴ ሳይሆን ምስክርነት ነው፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ሳያፍር ሊናገረው ይችላል። ዓይንን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ጥያቄው ሲቀርብላችሁ የጠያቂውን ፊት እዩ፤ ስትመልሱ ደግሞ እይታችሁን ለሁሉም አካፍሉ። አክብሮታችሁ አይጎድልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እሻገራለሁ፤ በሩን ከፍቼ ወደ ውስጥ ላስገባችሁ። ከፍርሃታችሁ ብዙው የሚመጣው በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን እያሰቡ እንደሆነ ካለማወቅ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከሰው ኃይል ክፍል፣ አንዱ ሥራው ካለበት ክፍል፣ ሌሎቹ እንደ መሥሪያ ቤቱ አሠራር። በእያንዳንዱ ፊት የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ። በቅጹ ላይ መመዘኛዎቹ ተዘርዝረዋል፤ የሙያ እውቀት፣ ሐሳብን የመግለጽ ችሎታ፣ ችግርን የመፍታት አቅም፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ የመሥራት ዝንባሌና የመሳሰሉት። «ፈርቷል ወይስ አልፈራም» የሚል መመዘኛ እኔ በሠራሁባቸው ቅጾች ላይ አይቼ አላውቅም። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የምንጠይቀው አድልዎ እንዳይኖር ነው፤ ፊታችን የማይፈታውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለአንዱ ፈገግ ብለን ለሌላው ብንኮሳተር ፍርዳችን ይዛባል። እናንተ ስትናገሩ አቀርቅረን የምንጽፈው መልሳችሁን ስለጠላነው አይደለም፤ በኋላ አመልካቾቹን ስናነጻጽር እንዳንረሳው ነው። እንዲያውም ብዙ የሚጻፍለት ሰው ብዙ የሚጻፍ ነገር የተናገረ ሰው ነው። አንዳችን ሰዓታችንን ብናይ ደግሞ ከእናንተ በፊት ብዙ አመልካች ስላነጋገርንና ከበር ውጪ የሚጠብቅ ስላለ ነው። ይህን ሁሉ አመልካቹ ወደ ራሱ ይተረጉመዋል፤ «ጠሉኝ፣ ሰለቹኝ፣ አበቃ» ይላል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ድምፁ ይወርዳል።

ደግሞስ ፍርሃታችሁ የምታስቡትን ያህል ይታያል? አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ጭንቀታቸው ለሰሚዎች ከሚታየው በላይ የሚታይ እንደሚመስላቸው አሳይተዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን፣ ይህ እውነት አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር ማድረጋቸው ነው። ማወቁ ብቻ ጠቀማቸው። ስለዚህ እኔም ደግሜ እነግራችኋለሁ፦ ልባችሁ ሲመታ እኛ አንሰማውም። አንሰማውም!

አንዲት አመልካች ትዝ ትለኛለች፤ ለሒሳብ ሠራተኛነት ነበር የቀረበችው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በቀጭን ድምፅ እንደምንም መለሰች። ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ «የመዝገባችን ቀሪ ሒሳብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ካልተስማማ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ዝም አለች። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ መልሱን እንደምታውቅ እናውቃለን፤ በጽሑፍ ፈተናው የባንክ ማስታረቂያውን አንድም ሳትስት ሠርታዋለች። ጥቂት ቆይታ፣ «ይቅርታ፣ ትንሽ ደንግጫለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ባገኝ በጽሑፍ እያሳየሁ ላስረዳ» አለች። ሰጠናት። መጻፍ ስትጀምር እጇ ረጋ፤ ያልተመነዘሩ ቼኮችን፣ ገቢ ሆነው ባንኩ ገና ያልመዘገባቸውን ገንዘቦች፣ የባንክ የአገልግሎት ክፍያን እየዘረዘረች በየተራ አስረዳች፤ ወደ መጨረሻው ላይ ወረቀቱን ትታ እኛን እያየች ትናገር ነበር። መደንገጧን መናገሯ ነጥብ አላስቀነሰባትም። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ያደነቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሲጨንቃት የሚረዳትን ነገር ማወቋንና በጨዋ ቋንቋ መጠየቋን። ያ ሥራ ለእርሷ ሆነ።

እዚህ ላይ በመካከላችሁ የሚነገረውን አንድ አሳብ ሳላነሣ ባልፍ ታማኝ አልሆንላችሁም። «ሥራው እኮ አስቀድሞ ለዘመድ ተይዟል፤ ቃለ መጠይቁ ለይስሙላ ነው» ትላላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ አለ፤ ሲሆንም ያሳፍራል፤ ያስቆጣል። ነገር ግን ከበር ውጪ ሆናችሁ የትኛው ክፍል እንዲያ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ልታውቁ አትችሉም። «ተይዟል» ብሎ የገባ ሰው ደግሞ እንደ ተሸነፈ ሰው ይመልሳል፤ መልሱን ያሳጥራል፤ በእውነት ሰው በሚፈለግበት ክፍል ውስጥም ያንኑ ያደርጋል። ሐሜቱን ከበር ውጪ ተዉት።

ሌላው የሚያስጨንቃችሁ ይህች ግማሽ ሰዓት ዕድሜ ልካችሁን የምትወስን መምሰሏ ነው። ሕጉ ራሱ እንዲያ አያስብም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪና ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፤ ርዝመቱም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ይህን ያስቀመጠው፣ ሰው ለሥራው ተስማሚ መሆን አለመሆኑ ተቀጥሮ ሲሠራ እንጂ በጥያቄና መልስ ብቻ ተለይቶ እንደማይታወቅ ስለተረዳ ነው። እኛም ጠያቂዎቹ ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ከእናንተ ፍጹም ሰው አንጠብቅም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ ማስታወቂያውን አንብቡት፤ ደጋግማችሁ አንብቡት። በጋዜጣ ይውጣ፣ በቴሌግራም ይድረሳችሁ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ጠያቂዎቹ ጥያቄ የሚያወጡት ከዚያ ነው። «ወርኃዊ ሪፖርት የሚያዘጋጅ» የሚል መስመር ካለ «ሪፖርት ስታዘጋጅ መረጃውን ከየት ትሰበስባለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ «ከደንበኞች ጋር በቅርበት የሚሠራ» ካለ ስለተቆጣ ደንበኛ ትጠየቃላችሁ። ለእያንዳንዱ መስመር ከሕይወታችሁ አንድ ታሪክ ፈልጉ፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ውጤት መጣ። የሥራ ልምድ የለኝም አትበሉኝ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ መሥሪያ ቤት ልምድ እንደሌላችሁ ያውቃል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የተግባር ልምምዳችሁ፣ በክበባት የሠራችሁት፣ በቤተሰብ ሱቅ የቆማችሁት፣ በክረምት ያስተማራችሁት ሁሉ ታሪክ ነው።

ከዚያ ተለማመዱ። ስለ ልምምድ ስናገር አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ በልባችሁ አትለማመዱ! ተኝታችሁ ጣሪያ እያያችሁ መልስ ማሰብ ልምምድ አይደለም። በልብ ውስጥ ያለ መልስ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ አፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚሰበረው።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ልጅ ሆኜ ወደ ዘመድ ቤት መልእክት ስትልከኝ፣ «እስቲ ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው?» ብላ ከደጃፍ አቁማ ታስደግመኝ ነበር። በተለይ መልእክቱ ከባድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ብድር የሚጠየቅበት ወይም የዕቁብ ተራ እንዲለወጥ የሚለመንበት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በማስደገም አትረካም። የገባኝ የመሰለኝ ቃል ከአፌ ሲወጣ ይደናቀፋል፤ መጀመሪያ መባል ያለበት መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ሰላምታው ይረሳል። ደግሜ ስለው ይቃናል። ከዚያ እናቴ ራሷን እንደ ዘመዳችን አድርጋ፣ «እንዴ፣ ባለፈውስ ጊዜ ሰጥቻችሁ አልነበረም?» ብላ ያልጠበቅሁትን ትጠይቀኛለች። ከዘመዳችን ቤት ስደርስ ጉልበቴ መንቀጥቀጡ አይቀርም ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፌ ላይ ነበር። ዓመታት አልፈው ለቃለ መጠይቅ የሚቀርቡ የዘመድ ልጆችን ሳዘጋጅ የማደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም ይህንኑ ያውቃል። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በልቡ ይዞ አይቀርም፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በሰው ፊት ይታረማል። የሚጀምረውም ከረጅሙ መወድስ አይደለም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። እናንተም በትንሿ ጀምሩ። የመጀመሪያ ቀን «እስቲ ራስሽን አስተዋውቂን» ለሚለው ብቻ ሁለት ዓረፍተ ነገር በድምፅ በሉ። በማግስቱ ወደ አንድ ደቂቃ አሳድጉት። በሦስተኛው ቀን ጓደኛችሁን ወይም ታላቅ ወንድማችሁን ጠያቂ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ፊቱን እንዲያኮሳትር፣ እንዲያቋርጣችሁ፣ እንዲጽፍ ንገሩት። በስልካችሁ ቅረጹትና ስሙት፤ የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይለመዳል።

ራስን ማስተዋወቅ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከሁሉ ጥያቄ አስቀድሞ የሚመጣ ስለሆነና ፍርሃቱም በዚያች ደቂቃ ስለሚበረታ። ብዙ ልጆች ከትውልድ ቦታቸው ጀምረው፣ አንደኛ ደረጃ የተማሩበትን ትምህርት ቤት አልፈው፣ ወደ ቁም ነገሩ ሳይደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስማችሁን፣ የተማራችሁትን፣ ከዚህ ሥራ ጋር የሚገናኝ የሠራችሁትን አንድ ነገር፣ ይህንን ሥራ ለምን እንደፈለጋችሁ ተናገሩና አቁሙ፤ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አጥኗት፤ ሌላውን አትሸምድዱ። የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግን ያለ ሐሳብ ብትወጣ፣ ድምፃችሁን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ፤ የራሳችሁን ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ ስትሰሙ ፍርሃቱ ግማሽ ይሆናል።

እንግሊዝኛስ? በየቦታው ስሄድ ከተመራቂዎች የምሰማው ትልቁ ሥጋት ይህ ነው፤ መልሱን ያውቁታል፤ በእንግሊዝኛ መናገሩ ያስፈራቸዋል። የምመክረው አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የሙያችሁን ቃላት በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፤ በተጻፈበት የምታውቁት ቃል በአፋችሁ ወጥቶ ላያውቅ ይችላልና። ሐሳባችሁ ከከበደም «በአማርኛ ባስረዳ ይፈቀድልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። እኔ በተቀመጥሁባቸው ፓናሎች ቋንቋው ራሱ የሥራው መመዘኛ እስካልሆነ ድረስ ይፈቀድ ነበር።

ስለ ቀኑ ደግሞ ባጭሩ ልናገር። ከቻላችሁ በዋዜማው ሄዳችሁ ሕንፃውን እዩት፤ የታክሲው ወረፋ፣ የበሩ ፍተሻ፣ ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ፣ ሊፍት መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ጠዋት የሚያስደነግጥ ነገር ይቀንሳል። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ሌሊት በአውቶቡስ ተጉዛችሁ በዚያው ቀን ለቃለ መጠይቅ እንዳትቀርቡ፤ የምታርፉበት ዘመድ ካለ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያችሁንም በማታው አሰናዱ። ጠዋት ከለመዳችሁት በላይ ቡና አትጠጡ፤ ቀድሞውንም የሚመታውን ልብ ይጨምርበታል። እንቅልፍ ለማባረር ጫት የሚቅሙም እንዳሉ አውቃለሁ፤ እባካችሁ ተዉት፤ በማግስቱ የሚያመጣው መርበድበድ ከፍርሃቱ ይብሳል። ጾመኞች ከሆናችሁና ውኃ የማትጠጡ ከሆነ ጉሮሯችሁ እንደሚደርቅ አውቃችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።

ከበር ውጪ ያለው ወንበር ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ሲወጣ ሁሉም ይከበዋል፤ «ምን ጠየቁህ? ስንት ናቸው? ይከብዳሉ?» ይለዋል። የወጣው ልጅ ገና አልተረጋጋም፤ የሚናገረው የቸገረውን ጥያቄ ብቻ ነው። የሰሙት ደግሞ በዚያች ቅጽበት ያልተዘጋጁበትን ሊያጠኑ ይሯሯጣሉ፤ የተዘጋጁበትን ይረሳሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። ከዚያ ክብ ወጣ በሉ። በአፍንጫችሁ አራት እስክትቆጥሩ ድረስ አየር ሳቡ፤ ስድስት እስክትቆጥሩ ድረስ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ጥቂት ጊዜ ደጋግሙት። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላልና፣ መውጫውን ማስረዘም ሰውነትን ያረጋጋል።

ከገባችሁ በኋላ ሰላምታ ስጡ፤ ተቀመጡ ሲሏችሁ ተቀመጡ፤ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወረቀት አትያዙ፤ ጉልበታችሁ ላይ ወይም ጠረጴዛው ላይ አሳርፉት። ጥያቄው እንዳለቀ ለመመለስ አትሽቀዳደሙ። ለእናንተ ዘላለም የሚመስለው የጥቂት ሰከንድ ዝምታ ለእኛ ሰው እያሰበ መሆኑን የሚያሳይ ነው። ጥያቄው ካልገባችሁ «ጥያቄውን ቢደግሙልኝ» በሉ። የማታውቁት ነገር ከመጣ አትፍጠሩ፤ «ይህን በተግባር አልሠራሁትም፤ በትምህርት የማውቀው ግን ይህን ያህል ነው» በሉና የምታውቁትን ተናገሩ። አንዱ መልስ ከተበላሸ እርሱን እያሰባችሁ ቀጣዩን አታበላሹ፤ በቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻ ነው ነጥብ የሚሰጠው። ይህን የምለው ብዙ ልጆች በሦስተኛው ጥያቄ ተደናቅፈው እስከ አሥረኛው ድረስ በሦስተኛው ላይ ሲቆዝሙ ስላየሁ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከመሥሪያ ቤቶች የመጣችሁ እንግዶችንም ልለምናችሁ። የአመልካቹ ፍርሃት ከፊሉ በእናንተ እጅ ነው። ሲገባ ስሙን ጠርታችሁ ተቀበሉት፤ ራሳችሁን አስተዋውቁት፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡለት፤ የምትጽፉት ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ቀላል አድርጉለት። ለሦስት ሰዓት ጠርታችሁ እስከ ስድስት ሰዓት በኮሪደር አታቁሙት። ውጤቱንም አሳውቁት፤ ላለፈው ብቻ ሳይሆን ላላለፈውም። በፍርሃት የተሸፈነውን እውቀት ሳታዩ የመለሳችሁት ልጅ፣ የምትፈልጉት ሠራተኛ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ለመከላከል የምታወጡት ወጪ የለም።

ውድ ተመራቂዎች፣ ንግግሬን በዚሁ አቆማለሁ፤ ይህ አዳራሽ ግን በሰው የተሞላ ነው፤ ሰው ደግሞ ለልምምድ የሚያስፈልገን ነገር ነው። ከጎናችሁ ወደ ተቀመጠው ሰው ዙሩ፤ የማታውቁት ከሆነ ይበልጥ መልካም ነው። በቀኝ ያለው ጠያቂ ነው፤ በግራ ያለው ተጠያቂ። ጠያቂው ፊቱን አይፍታ፤ ወረቀት ይያዝ፤ የሰማውንም ይጻፍ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁን።» ሁለት ደቂቃ አላችሁ፤ ከዚያ ትቀያየራላችሁ። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። መምህራንና እንግዶች፣ እናንተም ብትሆኑ ከጎናችሁ ተማሪ አለና አትቅሩ።

ጮክ ብላችሁ፣ ጀምሩ።